ያቺ ሞተር የት ደረሰች ይሆን

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በምኖርበት በስካርቦሮ ዛፎቹ ቀልተው ጨርሰው፣ ቅጠላቸው መንገድ ላይ መበስበስ ጀምሯል። ውዳሴ ማርያሜን አድርሼ ሻይ እንደጣድኩ ልጄ ማርታ ደወለች። ማርታ በጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። በሥራ ሰዓት የምትደውለው ስለ አባቷ ክፉ ነገር ስትሰማ ብቻ ነው።

«ማሚ፣ አትደንግጪ፤ ዳዲ ደህና ነው። ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ እዪውና መልሰሽ ኮል አድርጊልኝ።»

«የምን ፎቶ?»

«ብረት ነው። ጀስት እዪው።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። በመዳፍ የሚያዝ፣ ሆዱ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቦረቦረ ብረት ነው። ጀርባው ላይ በመሮ የተቆረጠ የግዕዝ ቁጥር አለበት፤ ሦስት። የግዕዝ ቁጥር ከላይ ቆብ፣ ከታች እግር አለው። ይሄኛው ቆብ እንጂ እግር የለውም። ከቆቡ በላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል መስቀል ተቀምጣለች። ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋው እንኳ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። ባለቤቴ መኩሪያ ያን ቁጥር ሲመታ፣ ብረቱን በፎጣ ጠቅልዬ በሁለት እጄ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ።

መልሼ ስደውልላት ማርታ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «ግሬግ የሚባል ፔሸንት ነው። ጥርሱን ተነቅሎ ሲወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የግዕዝ ቁጥር ያለበት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አየና ዘለለ። አፉ በመርፌ ደንዝዟል፣ የሚለው አይሰማም፤ ካላንደሩን በጣቱ እየመታ ስልኩን ያሳየኛል። ሴኩሪቲ ልጠራበት ነበር እኮ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አፉ ሲፈታ ነገረኝ። የድሮ የእሽቅድድም ሞተር ገዝቷል፤ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ቁጥሩን አርመኖች ጋ ወስዶታል፣ ጆርጂያኖች ጋ ወስዶታል። ማሚ፣ ይቺ ዳዲ የሚላት ናት እንዴ? የት ደረሰች ይሆን የሚላት?»

«እሷ ናት» አልኩ።

ያኔ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። ከሱዳን በመጣን በሁለተኛው በረዶ ይመስለኛል። ሕንፃው ሰማይ ጠቀስ ነው፤ ሊፍቱ ግን ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ይበልጣል። ከመስኮታችን የሌላ ሕንፃ መስኮት ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሕንፃ። ከሸርቦርን መንገድ ጥግ ላይ አንድ የግሪክ ዳቦ ቤት ነበር፤ የትናንቱን ዳቦ በግማሽ ዋጋ ስለሚሸጥ የሰፈሩ አበሻ ሁሉ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነበር የሚገናኘው። የዶሮ ክንፍ በነፃ ማለት ይቻላል፤ ፈረንጅ ገና ክንፍ መብላት አልጀመረም። የባቡር ቶክን ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ነጭ ሳንቲም ነበረች፤ በጓንት ውስጥ ይዤ ስሮጥ ስንቴ ጥላኝ በረዶ ውስጥ እንደቀረች። ካፖርቴ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በነፃ የተሰጠኝ፣ ቡናማ፣ አንገቱ ላይ የበግ ፀጉር ያለው ነው። ሳገኘው የሟች ልብስ መስሎኝ በጠበል ረጨሁት። ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እንደዚያ የሚያሞቅ ሌላ አላገኘሁም። መኩሪያም ሰማያዊ ቱታ ነበረው፤ ደረቱ ላይ የሌላ ሰው ስም የተጠለፈበት። «ዴቭ» ይላል። ጓደኞቹ እስከ ዛሬ አቶ ዴቭ ይሉታል።

መኩሪያ ሥራ ያገኘው ሬክስዴል ነው፣ አውሮፕላኖች ጣሪያውን ሊነኩ በሚያልፉበት ሰፈር፣ ኮሊን የሚባል ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ። አዲስ አበባ ሳለ የፔጆ መካኒክ ነበር፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአንድ ፈረንሳዊ ሥር ነው የተማረው። እንግሊዝኛው እንደኔው ነበር። ኮሊን ደግሞ ብዙ አይናገርም። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ተጎንብሰው ሲሠሩ ይውሉና ማታ ሲለያዩ ብቻ «ቱሞሮ» ይባባላሉ። መኩሪያ አንድ ካሴት ነበረው፤ ከካሴት ወደ ካሴት ስንቴ እንደተቀዳ እንጃ፣ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። እሷን ጋራዡ ውስጥ ሲከፍታት ኮሊን ዜማውን በፉጨት ይዞት ነበር። አንድ ቀን ደመወዝ ሊያደርስ ቤታችን መጥቶ በሩ ላይ ያንን የትዝታ ዜማ እያፏጨ ቆመ። ቀይ ፊት ፈረንጅ፣ በረዶ በጢሙ ላይ፣ ያንን ዜማ! እንባዬ መጣና ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

የኮሊን ልብ ያለው ግን በሚጠግናቸው መኪኖች ላይ አልነበረም። በበጋ እሑድ እሑድ መኪና ያሽቀዳድማል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ መብራት ሲበራ ይፈተለካል፤ ቀድሞ ጫፍ የደረሰ ያሸንፋል። መታጠፍ የለ፣ ዙር የለ። ለዚያ የሚሆን ሞተር ከጥንት ብረት ሊሠሩ ተነሡ። ክረምቱን ሙሉ መኩሪያ ሥራ ካለቀ በኋላ እዚያው ይቆያል። ሲመጣ እራት ቀዝቅዟል፣ እኔም ቀዝቅዣለሁ። «ለምንህ ነው?» ስለው «ጥርዬ፣ የሰው መኪና ስጠግን የሰው ስሕተት ነው የማርመው። ይቺን ግን ከባዶ ነው የምንሠራት» አለኝ። እንደዚያ ዓይነት ነገር ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ እራቱን አሞቅኩለት።

አንድ ቅዳሜ ያንን ሁሉ ብረት በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤት አመጣው። አምስት ናቸው። የሞተሩን ዘንግ ከሥር አቅፈው የሚይዙ ክዳኖች ናቸው አለኝ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው፣ ቢለዋወጡ ሞተሩ ይነክሳል፣ ሁሉም ነገር ይሰባበራል። ስለዚህ ምልክት ያስፈልጋቸዋል። በእኔ የዕቃ ሳሙና፣ በእኔ መታጠቢያ አጠባቸው። ጥቁር ዘይት እስከ ክርኑ! «ይሄን ቀኑን ሙሉ ስፈትግ ልዋል?» ብዬ ጮህኩ። ሳቀ።

«ተቆጥተሽ ጨርሰሽ ከሆነ የግዕዝ ቁጥር አስተምሪኝ» አለ።

«ለምንህ? የፈረንጁ ምን ሆነ?»

«የፈረንጁንማ ከኔ በፊት የከፈታት ሁሉ መትቶባታል። ሁለት ቦታ ሦስት፣ ሦስት ቦታ አንድ ነው። የእኔን ማንም እንዳይደባልቀው ነው።»

አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። በጠመኔ ወለሉ ላይ ጻፍኩለት። አምስትን ስጨርስ ስድስት ልጨምር ስል «ይበቃኛል፤ አምስት ብቻ ናቸው» ብሎ ጠመኔውን ነጠቀኝ። እስከ ዛሬ ስድስትን አያውቀውም። በረንዳ ላይ ወጣን። እኔ ብረቱን በፎጣ ያዝኩ፣ እሱ መሮውን ደቀነ። «ቆይ!» አልኩት። «ሳታማትብ ብረት አትመታም፤ እጄ እዚህ ነው ያለው።» እጁ መሮና መዶሻ ስለያዘ ማማተብ አልቻለም። ጥቂት አሰበና መጀመሪያ በመሮው ጫፍ ትንሽዬ መስቀል ብረቱ ላይ አሳረፈ። «ይኸው አማተብኩ» አለ። ከዚያ ቁጥሩን፤ በእያንዳንዱም ላይ እንደዚያው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ከሥር ያለችው አሮጊት ጣሪያዋን በመጥረጊያ ትደበድብ ጀመር። ቶሎ ቶሎ ሲል የቀሩትን እግር ሳይሠራ ቀረ። «ቁጥሮችህ እግር የላቸውም እኮ» ብለው «ምን ይሠራላቸዋል? የሚሄዱት በጎማ ነው» አለኝ። እንደዚያ የሳቅንበትን ቀን ብዙ አላስታውስም።

በበጋው አንድ እሑድ ይዞኝ ሄደ። ከቅዳሴ በቀጥታ ነበር፤ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ ሳንቡሳ በከረጢት ይዤ። ሕዝቡ ቁምጣ ለብሶ፣ ቢራ ይዞ፣ እኔ በነጭ ነጠላ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ኮሊን ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ነጠላዬን አይቶ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። ሞተሯ ስትነሣ ደረቴ ውስጥ ተንቀጠቀጠች። ፈራሁና አባታችን ሆይ ጀመርኩ፤ «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች» ሳልደርስ መኪናዋ ጫፍ ደርሳ ማቆሚያ ጃንጥላዋ ከኋላዋ ተዘረጋ።

«አለቀ?» አልኩ።

«አለቀ።»

«ክረምቱን ሙሉ የለፋኸው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው» አለ። ፊቱን አየሁት። ከሀገር ከወጣን ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። ነገሩ ባይገባኝም ተመስገን አልኩ።

ያ በጋ አለፈ። በረዶው እንደገባ ኮሊን ልቡ ቆሞ በድንገት ዐረፈ። መኩሪያ ሰኞ ጠዋት ሲሄድ በሩ ላይ ሰንሰለት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የሟች እኅት ከአገሩ ምዕራብ ዳርቻ መጥታ ሁሉንም ባንድ ላይ ሸጣ ሄደች፤ የእሱን የመፍቻ ሳጥን ብቻ ጎረቤት ዘንድ አስቀምጣለታለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ሞተሯን ማን እንደገዛት የሚያውቅ የለም። «ሂድና ጠይቅ እንጂ» አልኩት። «የእኔ አይደለችም፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለኝ። በዚያ እንግሊዝኛ፣ በዚያ ዘመን፣ ማንን? ወረቀት የለ፣ ውል የለ። ሳጥኑን አልጋው ሥር አስገባው። ከዚያ የኤርፖርት ታክሲ መንዳት ጀመረ፣ ቆይቶም የትምህርት ቤት አውቶቡስ። ወደ ስካርቦሮ ተዛወርን። ማርታ አደገች። ግን ሀይዌይ ላይ ድምፁ የጠነከረ መኪና ባለፈን ቁጥር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ያቺ ሞተር የት ደረሰች ይሆን?» ይላል። ማርታ ከኋላ ወንበር ላይ ድምፁን አስመስላ አብራው ትለው ነበር። የቤታችን ቀልድ ሆነ። ነገር ግን ቀልድ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

አሁን መኩሪያ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ከቤቴ አንድ አውቶቡስ ነው። መጀመሪያ መንገድ ጠፋው፤ አውቶቡሱን ይዞ ልጆቹን ሌላ ትምህርት ቤት ወሰዳቸው። ቀጥሎ የማርታ ስም ጠፋው። እኔ የጠፋሁት ባለፈው ፍልሰታ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎኑ እቀመጣለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ ጥፍሩን እቆርጥለታለሁ፤ አያናግረኝም። ይበላል፣ ይተኛል፣ አይጮህም፤ ለዚህም ተመስገን እላለሁ። ሐኪሞቹ ደግ ናቸው፤ ግን እነሱም እንደኔው ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አልቻሉም። በዚህ ሁሉ መካከል ነው እንግዲህ ያ ፎቶ የመጣው። ሠላሳ ምናምን ዓመት የጠየቀው ጥያቄ መልሱ በራችን ላይ ደረሰ፤ ጠያቂው ግን ጥያቄውን ረስቶታል። ሳይሰማ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። ሌላ ነገር አልለመንኩም፤ ሞተሯ መገኘቷን ብቻ ይስማ።

ቅዳሜ ግሬግ ቤት መጣ። ሥጋው የበዛ፣ ድምፁ የቀለለ፣ እሱም ስድሳውን ያለፈ ሰው ነው። ክዳኖቹን ለሽርሽር ምግብ በሚያዝበት ሳጥን ውስጥ፣ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣቸው። ሳጥኑን ሲከፍተው ሽታው ወጣ፤ ብረት፣ የቆየ ዘይት፣ በረዶ ውስጥ የቆየ ቱታ። ያ ሁሉ ዘመን ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ አለ። ግሬግ ዋናው ብረት ላይ ያለው የፋብሪካ መለያ ቁጥር ለእሽቅድድም ሲሞረድ አብሮ እንደጠፋ፣ ስለዚህ ከየት መጣ የሚባለውን ሊፈታ የሚችለው ይሄ ምልክት ብቻ እንደሆነ አስረዳን። ማርታ ታስተረጉማለች።

«ማሚ፣ ይቺ ፕላስ ምንድን ናት ይልሻል። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ብረቱ ከልኩ ሰፍቷል ማለት ነው ብለው ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀዋል።»

«መስቀል ነው በይው። እጁ ስላልተመቸው በመሮ ነው ያማተበው።»

ግሬግ ሲሰማ በጣም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«ደግሞ ቁጥር አንድ ለምን ከኋላ ሆነ ይልሻል። ሁሉም ሰው ከፊት ነው የሚቆጥረው፤ የሠራው ሰው ጀማሪ ነው ብለዋል።»

«ጀማሪ ራሳቸው ናቸው በያቸው!» አልኩ፤ ተቆጣሁ። «የተማረው ከፈረንሳይ ነው። ፈረንሳይ ከኋላ ነው የሚቆጥረው፣ ከኋላ ካለው ትልቅ መሽከርከሪያ፣ ከቮላኖው በኩል። ሁልጊዜ 'እኔ ከጭራዋ ነው የምጀምረው' ይል ነበር።» ማርታ ስትነግረው ግሬግ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሞተሩን እንደገና ገጣጥሞ በመቆሚያ ላይ ሊያኖረው፣ የሠሪዎቹን ስም ሊጽፍበት እንደሚፈልግ ነገረን። የኮሊንን ስም ሰጠሁት። የመኩሪያን በትልቁ ጻፍኩለት። «ላገኘው እችላለሁ?» አለ። ማርታ አየችኝ። «ምንም ላይልህ ይችላል በይው» አልኩ። «እንሂድ።»

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ፊሊፒናዊቷ አስታማሚ ሳጥኑን አይታ ቆመች። «ከውጭ ምግብ አይገባም፣ ማማ።» «ብረት ነው» አልኳት። ከፍታ አየችና «ብረትን የሚከለክል ሕግ አላየሁም» ብላ አሳለፈችን።

መኩሪያ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የመኪና ማቆሚያውን ያያል። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «መኩ» አልኩት፣ «ያቺ ሞተር ተገኘች።» መኪናዎቹን ያያል። «መኩ፣ ሬክስዴል ከኮሊን ጋር የሠራሃት። የት ደረሰች የምትላት። ተገኘች እኮ።» ግሬግ በዚያ ሰውነቱ ተንበርክኮ በእንግሊዝኛ ነገረው፤ ስለ ጎተራው፣ ስለ ሞተሯ ጤንነት፣ ዛሬም ገጣጥመው ቢያስነሷት እንደምትነሣ። መኩሪያ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሣም። አንዱን ክዳን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩ፤ ተንሸራተተ። እጁን ይዤ ብረቱ ላይ አኖርኩት፤ ስለቀው እጁ ወረደ። ማርታ ፊቷን ሸፍና ወደ ኮሪደር ወጣች። አቅም ማጣት ምን እንደሆነ በስደት አውቄዋለሁ እል ነበር፤ አላወቅኩትም ኖሯል። ያንን ያህል ዘመን የቆየ መልስ ይዤ፣ የማቀብለው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ መንገድ አጣሁ። ማርታ ተመልሳ በሩ ላይ ስትቆም «ይብቃው፣ እንሂድ» አልኩ።

ክዳኖቹን ልጠቀልላቸው ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። እንደተማርኩት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ከፊት። ፎጣውን ስዘረጋ አንድ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። መጀመሪያ ያስቀመጥኩትን ብረት ያዘና ወደ ሌላው ጫፍ ገፋው። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ግሬግ ተንበርክኮ እንዳለ አፉን በእጁ ያዘ። መኩሪያ አንድ በአንድ አዞራቸው፤ ከጭራዋ። ሆዳቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በብርድ ልብሱ ጫፍ ጠረጋቸው። አንዱን ደግሞ ገልብጦ አስተካከለው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ከፍልሰታ ወዲህ ዓይኑ ዓይኔ ላይ አርፎ አያውቅም። ስሜን ሊጠራኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

«እሜቴ» አለኝ፤ ድምፁ ዝጓል። «ብዙ ጠበቁ? ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አንቱ አለኝ። ለእሱ ጋራዥ በር ላይ የቆመች ደንበኛ ነበርኩ።

«ምንም አይደል» አልኩ።

«ባለቤትዎ አብረው አልመጡም?»

«ይመጣሉ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ይምጡ። ትደርሳለች።» ጋራዥ ሲዘጋ ዕቃ እንደሚሸፍን ሰው ክዳኖቹን በብርድ ልብሱ ሸፈናቸው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ማርታ ስታስረዳው ግሬግ ዓይኑን እየጠረገ ተነሣ፣ ሳጥኑን ባዶውን አነሣና ክዳኖቹን እዚያው ተዋቸው። «ሥራ ላይ ናቸው» አለ።

ስንመለስ መኪናዋን የምትነዳው ማርታ ነበረች።

«ማሚ፣ ተናገረ እኮ። ግን አንቺን አላወቀሽም።»

«አላወቀኝም።»

«አፕሴት ሆንሽ?»

ኬኔዲ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። አንድ ወጣት ድምፁ የጠነከረ መኪና ይዞ አጠገባችን ቆመ። ሁለታችንም ሳናስበው አንገታችንን ዘንበል አደረግን። «ተመስገን በይ» አልኳት።

በማግስቱ ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤት አልተመለስኩም። ያንን ቡናማ ካፖርት ጠዋት ስወጣ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ለብሼው ነበር፤ የአንገቱ ፀጉር ሳስቷል፣ ቁልፉ አንድ ጎድሏል፣ ግን ያሞቃል። ጸጉሬን አስተካክዬ፣ ቦርሳዬን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ አውቶቡስ ያዝኩ። በዕድሜዬ መኪና ኖሮኝ አያውቅም፤ መንዳትም አልተማርኩም። መኩሪያ መስኮቱ ጋ ነበር፣ ብርድ ልብሱም ክዳኖቹ ላይ እንዳለ። በሩ ላይ ቆም ብዬ አማተብኩ፣ ጠጋ ብዬም እጅ ነሣሁ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ መኩሪያ?» አልኩት። «መኪናዬ ደረሰችልኝ?»